ስሙን የገዛ ዓለሙንም ገዝቷል? በ«ስታር ኮንትሮል» ጉዳይ ላይ የተደረገ ክርክር

«ስታር ኮንትሮል» በ1990 የወጣ የጠፈር ጦርነት ጌም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የሠሩት ፖል ራይቺ እና ፍሬድ ፎርድ ናቸው። ያሳተመው አኮሌድ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1992 ሁለተኛው ክፍል ወጣ። እስከ ዛሬ ስሙ የሚነሳው በተለይ እሱ ነው። አኮሌድ በ1999 ለኢንፎግራምስ ተሸጠ። ኢንፎግራምስ ኋላ ላይ አታሪ የሚለውን ስም ያዘ። የአሜሪካው አታሪ ደግሞ በ2013 ከሰረ። ንብረቱ ለጨረታ ሲቀርብ፣ ስታርዶክ የተባለ ሌላ የጌም ኩባንያ 300,000 ዶላር ገደማ ከፍሎ «ስታር ኮንትሮል»ን ወሰደ። በ2017 መጨረሻ ስታርዶክ ሁለቱን ሠሪዎች ካሊፎርኒያ በሚገኝ የፌደራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። እነሱም መልሰው ከሰሱት። በ2019 ታረቁ። የጌም ወዳጆች ግን እስካሁን በሁለት ጎራ ናቸው። ከሁለቱም ጎራ አንድ አንድ ሰው እንዲጽፍ ጋበዝን።

ለገዢው የሚከራከረው፦

ከጨረታው ልጀምር፤ ብዙ ሰው እሱን ዘሎ ነው የሚያወራው። ስታርዶክ በጓሮ በር አልገባም። ፍርድ ቤት በሚቆጣጠረው የኪሳራ ሂደት፣ ለሁሉም ክፍት በሆነ ጨረታ፣ ጥሬ ገንዘብ ከፍሎ ነው የገዛው። ያንን ስም የፈለገ ሁሉ መምጣት ይችል ነበር። ራይቺና ፎርድም ጭምር። አልመጡም። ስታርዶክ ካሸነፈ በኋላም አነጋግሯቸዋል። አብረን እንሥራ ብሏል። አንድ ሰሞን ከፈለጋችሁ የገዛሁትን ላስተላልፍላችሁ እስከማለት ደርሷል። አልተቀበሉም።

እሺ፣ አለመቀበል መብታቸው ነው። ግን ስታርዶክ ምን ማድረግ ነበረበት? ስሙን ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ሊቆልፍበት? አዲስ ጌም መሥራት ጀመረ። «ስታር ኮንትሮል፦ ኦሪጂንስ» ይባላል። በድሮዎቹ ጌሞች ታሪክ ላይ አልተንጠለጠለም። የራሱን አዲስ ታሪክ ነው የፈጠረው። ዓመታት ፈጀበት። የፕሮግራመሩ፣ የሠዓሊው፣ የሙዚቀኛው ደሞዝ በየወሩ ይወጣል። ጌሙ እየተገባደደ ሳለ፣ በጥቅምት 2017፣ ራይቺና ፎርድ ብቅ ብለው አዲስ ጌም ልንሠራ ነው አሉ። የ«ስታር ኮንትሮል» ቀጥተኛ ተከታይ ነው ብለው አስተዋወቁት። የድሮውን ጌም የሽፋን ሥዕልም ለጠፉበት።

እዚህ ላይ ነው የኔ ጥያቄ። ስሙ የነሱ አልነበረም። ሃያ አምስት ዓመት ዝም ተብሎ፣ ሌላው ሰው ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ «እውነተኛው እኛ ነን» ማለት ምን የሚሉት ነው? የንግድ ምልክት ባለቤት እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ካለፈ መብቱ ይላላል። ሕጉ ራሱ ምልክትህን ጠብቅ ይላል። ክስ መመሥረቱ ደስ አይልም፤ ግን ሌላ መንገድ አልተተወለትም።

ለሠሪዎቹ የምትከራከረው፦

ወንድሜ ስለ ጨረታው የተናገረው ልክ ነው። ገንዘቡ ተከፍሏል፣ ሽያጩ ሕጋዊ ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ከዚያ በፊት ያለውን ነው። አታሪ የሸጠው ምኑን ነው? የሌለህን መሸጥ አትችልም፤ ዳኛ ፊት የተሸጠ ቢሆንም።

ወደ 1988 እንመለስ። ራይቺ ከአኮሌድ ጋር የተዋዋለው ያኔ ነው። በውሉ መሠረት የሥራው የቅጂ መብት ከሠሪው ጋር ቀረ። አኮሌድ ያገኘው ጌሙን የማሳተምና የመሸጥ ፈቃድ ነው። «ስታር ኮንትሮል» የሚለው የንግድ ምልክት ግን የአኮሌድ ሆነ። ስለዚህ ገና ከጠዋቱ ነገሩ ለሁለት ተከፍሏል። ስሙ በአንድ እጅ፣ ዓለሙ፣ ማለት ፍጡራኑና ታሪኩ፣ በሌላ እጅ።

ይሄ የኔ ትርጓሜ እንዳይመስልህ። የሆነውን ተከታተል። በ1996 አኮሌድ ሦስተኛውን ክፍል ሌጀንድ ለተባለ ሌላ ቡድን ሰጥቶ አሠራ። ስሙ የራሱ ሆኖ ሳለ፣ ለገጸ ባሕርያቱ ከራይቺና ከፎርድ ፈቃድ ወሰደ። ለምን ወሰደ? የሱ ስላልነበሩ ነዋ! በ2002 ደግሞ ሁለቱ ሰዎች የሁለተኛውን ክፍል ሶርስ ኮድ (ጌሙ የተጻፈበትን የፕሮግራም ጽሑፍ) ለሕዝብ ለቀቁት። አድናቂዎች ወስደው ለዘመኑ ኮምፒውተር አስተካከሉት፣ በነፃም አሠራጩት። ያ ጌም ግን «ስታር ኮንትሮል» ተብሎ መጠራት አልቻለም። «ዘ ኧር-ኳን ማስተርስ» ተባለ። አየህ፣ ሠሪዎቹ ድንበሩን ያውቁታል። ያከብሩታልም። በ2011 አታሪ የድሮዎቹን ጌሞች በኢንተርኔት መደብር ሲሸጥ አገኙት። ውሉ ከዓመታት በፊት ስላበቃ መሸጥ አትችልም አሉ። ሽያጩ የቀጠለው ሁለቱም ወገኖች ከተስማሙ በኋላ ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው እንግዲህ በ2013 ጨረታ የወጣው።

«ዘ ኧር-ኳን ማስተርስ»ን እኔም ዳውንሎድ አድርጌ ተጫውቼዋለሁ። ይሄ ሁሉ ጭቅጭቅ ለምን እንደሆነ የሚገባው የተጫወተው ሰው ነው። ስፓቲ የሚባሉ ፍጡራን አሉ። ፈሪዎች ናቸው፤ ጥላቸውን ሲያዩ ይደነግጣሉ። የጦር መርከባቸው ሚሳይሉን የሚተኩሰው ወደ ኋላ ነው። እየሸሹ እንዲዋጉ ነው የተሠራላቸው! ስታነጋግራቸው ደግሞ ፍርሃታቸው ከንግግራቸው ውስጥ ይታይሃል። ኦርዝ የሚባሉም አሉ፤ አስተርጓሚ መሣሪያህ ቋንቋቸውን አሟልቶ መፍታት ስለሚያቅተው ግማሹን በግምት ነው የምትሰማው። ይሄንን ያሰበ ጭንቅላት አለ። ሰው ያንን ጌም የሚወደው በነዚህ ነው። ሽፋኑ ላይ በተጻፉት ሁለት ቃላት አይደለም።

እና ስታርዶክ ምን አደረገ? ክሱ ሲጦፍ «ዘ ኧር-ኳን ማስተርስ» የሚለውን ስም ራሱ በንግድ ምልክትነት ላስመዝግብ ብሎ አመለከተ። በዚያም አልበቃውም፤ የፍጡራኑንም ስሞች አስመዝግቡልኝ አለ። ይሄ የገዛውን መጠበቅ አይደለም። ያልገዛውን መጨመር ነው።

ለገዢው የሚከራከረው፦

እህቴ ስለ ስፓቲ የጻፈችውን ወድጄዋለሁ። ግን «ይሄንን ያሰበ ጭንቅላት አለ» ስትል ስንት ጭንቅላት ነው የምትቆጥረው? ሁለት ብቻ? ያ ጌም የብዙ ሰው ሥራ ነው። ንግግሩን ሌሎችም ጽፈዋል። ሥዕሉን ሌሎች ሥለዋል። ሙዚቃውን ሌሎች ደርሰዋል። ስታርዶክ ፍርድ ቤት ያነሳው አንዱ ጥያቄ ይሄው ነው፦ እነዚያ ሰዎች ሁሉ መብታቸውን ለራይቺና ለፎርድ በጽሑፍ አስተላልፈዋል ወይ? የቅጂ መብት በአፍ አይተላለፍም። እኔ ስለ ወረቀት ሳወራ አንቺ ስለ ፍቅር ካወራሽ አንገናኝም።

ሌላ ነገር ላንሳ። «ኦሪጂንስ» በመስከረም 2018 ወጣ። ራይቺና ፎርድ የቅጂ መብታችን ተነክቷል ብለው ጌሙ እንዲወርድ ለመደብሮቹ አመለከቱ። በ2019 መግቢያ ላይ ጌሙ ስቲም ከሚባለው የኢንተርኔት የጌም መደብር ወረደ። ልብ በሉ፣ ጌሙ የነሱን መብት መንካቱን የወሰነ ፍርድ ቤት አልነበረም። ማመልከቻ ብቻ ነው። ቆይቶ ተመለሰ፤ ግን አዲስ ጌም ገና በወጣ በጥቂት ወራት ከመደርደሪያ ሲወርድ የሚያጣውን ገንዘብ ማንም ይገምታል። ደግሞስ ምኑን ነው የወሰደባቸው? በሃይፐርስፔስ፣ ከኮከብ ኮከብ በሚያሻግር የጠፈር መንገድ፣ መጓዝን? ፕላኔት ላይ አርፎ ማዕድን መልቀምን? እነዚህ ሐሳቦች ናቸው። የቅጂ መብት ሐሳብን አያጥርም። የተጻፈውን፣ የተሣለውን፣ የተቀናበረውን ነው የሚጠብቀው። ይሄ ቀርቶ ጠፈር ላይ የሚበር ጌም ሁሉ የአንድ ሰው ይሁን ካልን፣ ነገ ማን ምን ሊሠራ ነው?

ለማነጻጸሪያ «ፎልአውት» የሚባለውን ጌም እዩ። ኢንተርፕሌይ የተባለ ኩባንያ በ1997 ነው ያወጣው። ከዚያ ኩባንያው በዕዳ ተዘፈቀ፣ ሠራተኛውን በተነ፣ ስሙ አቧራ ጠጣ። ቤቴስዳ የተባለ ሌላ የጌም ኩባንያ በ2007 ሙሉ ፍራንቻይዙን፣ ስሙንም ዓለሙንም፣ በ5.75 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በዓመቱ «ፎልአውት 3» ወጣ። ዛሬ «ፎልአውት»ን የማያውቅ የጌም ተጫዋች አለ? የተከታታይ ፊልም ሁሉ ተሠርቶለታል። ገዢ ባይኖር ኖሮ ያ ዓለም ከኢንተርፕሌይ ጋር አብሮ ይቀበር ነበር። ሠሪን ማክበር አንድ ነገር ነው። ሥራውን በሕይወት ያቆየውን ሰው እንደ ቀማኛ ማየት ሌላ ነው።

ለሠሪዎቹ የምትከራከረው፦

«ፎልአውት»ን ማንሳትህ ጥሩ ሆነ። አንተ ግን ግማሹን ነው የነገርከን።

ኢንተርፕሌይ ሲሸጥ አንድ ነገር ለራሱ አስቀርቶ ነበር። ብዙ ሰው በኢንተርኔት አንድ ላይ የሚጫወተው የ«ፎልአውት» ጌም የመሥራት ፈቃድ። ቤቴስዳ ፈቃዱን ሲሰጥ ሁለት ማነቆ አበጀለት። አንደኛ፣ በ24 ወር ውስጥ ሥራው በሙሉ አቅም መጀመር አለበት። ሁለተኛ፣ ቢያንስ 30 ሚሊዮን ዶላር መገኘት አለበት። በዕዳ የተነከረ ኩባንያ፣ ከዋናው ሽያጭ ዋጋ አምስት እጥፍ በላይ በሁለት ዓመት አምጣ ተባለ! ጊዜው ሊያልቅ ሲል ኢንተርፕሌይ ማስትሄድ ከሚባል የቡልጋሪያ ስቱዲዮ ጋር ተስማማ። ቤቴስዳ ይሄ አይበቃም ብሎ በመስከረም 2009 ሜሪላንድ ውስጥ ከሰሰው።

አሁን ወደኛ ጉዳይ የሚመጣውን ነገር ተመልከት። ቤቴስዳ በዚያ ክርክር እንዲህ ብሎ ነበር፦ ለኢንተርፕሌይ የፈቀድኩት «ፎልአውት» የሚለውን ስም ብቻ ነው፤ ገጸ ባሕርያቱን፣ ቦታዎቹን፣ ታሪኩን መጠቀም አይችልም። ማለት ስሙን የያዘ ዓለሙን አልያዘም ነው የሚለው። ስታርዶክ ደግሞ በተቃራኒው ስሙን ይዞ በፍጡራኑ ስም ላይ እጁን ዘረጋ። የቤቴስዳ ክርክር ትክክል ከሆነ የስታርዶክ ልክ ሊሆን አይችልም። አንተ ሁለቱንም ገዢዎች በአንድ ትንፋሽ አመሰገንካቸው። አንዱን ምረጥ።

በነገራችን ላይ ቤቴስዳ ኢንተርፕሌይን ወዲያው የሚያስቆም እግድ ጠይቆ ፍርድ ቤቱ አልሰጠውም። ይግባኝ ብሎም አልተሳካለትም። በመጨረሻ 2 ሚሊዮን ዶላር ለኢንተርፕሌይ ከፍሎ ነው ፈቃዱን መልሶ የወሰደው። ምንም መብት ለሌለው ሰው 2 ሚሊዮን ዶላር የሚከፍል የለም።

ስለ «ኦሪጂንስ» መውረድም እንነጋገር። ማመልከቻ ብቻ ነው አልክ። ስታርዶክ ግን ሠሪዎቹ ያንን ማመልከቻ እንዳያስገቡ እግድ ይሰጠኝ ብሎ ጠይቆ ነበር። ዳኛ ሶንድራ ብራውን አርምስትሮንግ በታኅሣሥ 2018 አልሰጥም አለች። ምክንያቷ አጭር ነው፦ ስታርዶክ ክርክር እንዳለ እያወቀ ነው ጌሙን ሠርቶ ያወጣው፤ ጉዳቱን ራሱ በራሱ ላይ አምጥቷል። «ገንዘቡን ካፈሰሰ በኋላ ብቅ አሉ» የሚለው ታሪክህ እዚህ ጋ ይሰበራል። የሠሪዎቹን አቋም ቀድሞ ያውቅ ነበር። ራስህ ነህ እኮ አነጋግሯቸዋል፣ አልተቀበሉም ያልከው!

ስለ ገንዘብ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ሁለቱ ሰዎች ለጠበቃ ለመክፈል ከአድናቂዎች መዋጮ መሰብሰብ ጀመሩ። ለማግኘት ያሰቡት 2 ሚሊዮን ዶላር ነበር። መዋጮውን በጌማቸው ውስጥ ባለ «ፍረንጊ» በተባለ የጨዋታ ስም ሰየሙት። ራሱ የፈጠረውን ነገር የኔ ነው ለማለት 2 ሚሊዮን ዶላር የሚያስፈልገው ሰው እኩል ሜዳ ላይ አልቆመም። ይሄ ነገር ያበሳጨኛል፤ ተረጋግቼ ልጽፈውም አልችልም።

ለገዢው የሚከራከረው፦

ብስጭትሽ ይገባኛል። ግን እግድ መከልከል ፍርድ አይደለም። ዳኛዋ የቅጂ መብት ተጥሷል አላለችም። ቤቴስዳም እግድ ተከልክሎ መጨረሻ ላይ ፍራንቻይዙን ሙሉ በሙሉ ይዞ ወጥቷል። 24 ወሩንና 30 ሚሊዮኑን በተመለከተ፣ ኢንተርፕሌይ አንብቦ የፈረመው ነው። ማንም እጁን አልጠመዘዘውም። እንዲህ ዓይነት ገደብ ባይኖር አንድ ገንዘብ የሌለው ኩባንያ የትልቅ ፍራንቻይዝ ቁራጭ ይዞ ዕድሜ ልኩን ሊቀመጥበት ይችላል።

አንዱን ምረጥ ላልሽኝ፣ እመርጣለሁ። የቤቴስዳን እመርጣለሁ። ስም ስም ነው፤ ዓለሙ ሌላ ነው። ግን ይሄንን ከተቀበልሽ ያንቺ ወገን ላይም ይሠራል። ስሙ የስታርዶክ ከሆነ፣ ሠሪዎቹ «የስታር ኮንትሮል ቀጥተኛ ተከታይ» ብለው አዲስ ጌም ማስተዋወቅ አይችሉም ነበር። የተከሰሱትም በዚህ ነው። በዕርቁም ስሙ ለስታርዶክ ቀርቷል።

ለሠሪዎቹ የምትከራከረው፦

ቀርቷል፤ አልክድም። ዕርቁን ግን ሙሉውን እንየው። በሰኔ 2019 ሲታረቁ «ስታር ኮንትሮል» የሚለው ስም ለስታርዶክ፣ የድሮዎቹ ሁለት ጌሞች ዓለምና «ዘ ኧር-ኳን ማስተርስ» የሚለው ስም ለሠሪዎቹ ሆነ። ያ ማለት ከመጀመሪያው፣ ከ1988ቱ ውል ጀምሮ የነበረው መሥመር ነው። ከአንድ ዓመት ተኩል ክስ በኋላ እዚያው ደረሱ። ደስ የሚለው ነገር፣ ሲነጋገሩ የንብ ነገር ሁለቱንም ወገን እንደሚስብ ተገኘ። የስታርዶክ ኃላፊ ብራድ ዋርደል ንብ ያረባል። እና ከዕርቁ ጋር ማርና ጠጅ ሊለዋወጡ ተስማሙ። በጠበቃ በኩል ሲወራወሩ የከረሙ ሰዎች ፊት ለፊት ሲገናኙ እንዲህ ሆነ። ያንን ንግግር በ2017 ቢያደርጉት ኖሮ ስንት ነገር በተረፈ!

ሠሪዎቹ የስሙን ነገር ተቀብለዋል። አዲሱ ጌማቸው ዛሬ «ፍሪ ስታርስ፦ ችልድረን ኦቭ ኢንፊኒቲ» ነው የሚባለው። በ2024 ከአድናቂዎች ገንዘብ ያሰባሰቡለት በዚህ ስም ነው። ስለ ስሙ አንጨቃጨቅም። የስፓቲን ስም የንግድ ምልክቴ ይሁን ማለቱን ግን እስካሁን አልመለስክልኝም።

ለገዢው የሚከራከረው፦

እመልሳለሁ። ያኛው ከልክ ያለፈ ነበር። የገዢ ወገን ብሆንም የፍጡራኑን ስም ማስመዝገቡን አልደግፍም። ግን ከየት እንደመጣ ይግባሽ። የኪሳራ ሽያጭ እንደ ሌላ ሽያጭ አይደለም። ሻጩ ኩባንያ እየፈረሰ ነው። ውሉን የጻፉት ሰዎች ከሄዱ ቆይተዋል። ፋይሉ ከአኮሌድ ወደ ኢንፎግራምስ፣ ከዚያ ወደ አታሪ ዞሯል። ገዢው ያለውን እንዳለ ነው የሚረከበው። በኋላ «የኔ የቱ ነው?» ሲል የሚመልስለት ሰው የለም። ስለዚህ ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ ለመያዝ ይሞክራል። ስህተቱ ያለው ንብረቱን ዝርዝሩን ሳያጠራ ጨረታ ላይ ያወጣው ጋ ነው። የገጸ ባሕርያቱ ስም፣ ሙዚቃው፣ ሶርስ ኮዱ፣ እያንዳንዱ የማን እንደሆነ ከሽያጩ ጋር ተያይዞ መቅረብ ነበረበት። ገዢው ቀድሞ ሠሪዎቹን ይጠይቅ ነበር እንዳትይኝ ደግሞ፣ ጨረታ ላይ ፍላጎትሽን ቀድመሽ ካወራሽ ዋጋው ይወጣብሻል።

ለሠሪዎቹ የምትከራከረው፦

ዝርዝሩ ይያያዝ በሚለው እስማማለሁ። ግን መጠየቅ ባይችል ማንበብ ይችል ነበር። ስታርዶክ ራሱ ከገዛኋቸው ነገሮች አንዱ የ1988ቱ ውል ነው ብሎ ተከራክሯል። ያንን ውል ከገዛው፣ እጁ ላይ ነበር ማለት ነው። መብቱ የራይቺ እንደሆነ እዚያው ተጽፏል። ለማንበብ ደግሞ ለማንም ፍላጎትህን መናገር አያስፈልግህም።